ዕጣው የማትሰማው ቋንቋ ላይ ቢወድቅስ?

ሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ላይ የሚሰጥ የሎንግ ኬዝ ፈተና እናስብ፤ ተማሪው አንድ ታማሚን ጠይቆና መርምሮ ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ነው። ሁለት የሕክምና ተማሪዎች እኩል አንብበዋል፤ እኩል ዱቲ (የሆስፒታል ተረኛነት) ወጥተዋል። ለአንደኛው ዕጣ የወጣለት ታማሚ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ አማርኛው የጠራ፣ ሳሉ መቼ እንደጀመረው ከነወሩ የሚያስታውስ። ለሁለተኛዋ የደረሷት ከአለታ ወንዶ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ከሲዳምኛ በቀር የማይናገሩ እናት ናቸው። አስታማሚያቸው የ15 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ተማሪዋ ጎጃም ተወልዳ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሀዋሳ የደረሰች ናት። ለሁለቱም የተሰጠው ጊዜ 60 ደቂቃ።

እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለቴ ይባላል፤ መልሱም እንዲሁ። 25 ደቂቃ ይበቃው የነበረ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ መጠየቅ) 45 ይበላል፤ ለአካላዊ ምርመራ 15 ደቂቃ ትተርፋለች። ልጁም ሁሉን አይተረጉምም። «ትኩሳት አላቸው?» ሲባል አያቱን ሳይጠይቅ «አዎ» ይላል፤ ስለ ወር አበባና ስለ ሽንት ሲመጣ አፍሮ ይዘለዋል። ተማሪዋ ፈታኞቹ ፊት ይዛው የምትቀርበው ሂስትሪ ግማሹ የልጁ ግምት ነው።

እናትየዋ ምንም አላጠፉም፤ በገዛ አገራቸው በገዛ ቋንቋቸው ነው የተናገሩት። ጎዶሎው የፈተናው አሠራር ነው። ስለ ሕክምና ተማሪዎች ተነሳሽነት በተወራ ቁጥር ይህ ይዘለላል። «የዘንድሮ ተማሪ ዋርድ አይገባም፣ ሰነፍ ነው» ይባልና ይታለፋል። ተማሪ ግን ፈተናው ወደሚከፍልበት ነው የሚሄደው። ቀኑን ሙሉ ታማሚ አጠገብ የዋለና ዶርም ተጋድሞ ኦልድ ኤግዛም (ያለፉ ዓመታት ፈተና) የሸመደደ ውጤታቸው እኩል ከሆነ፣ በሚቀጥለው አታችመንት (የዋርድ ትምህርት ወቅት) ዋርዱ ባዶ መሆኑ አይቀርም። ሰነፍ የተባለው ባች ብዙ ጊዜ ሒሳቡን በትክክል የሠራ ባች ነው።

ከሎንግ ኬዝ እንጀምር፤ ዕድል ትልቁን ቦታ የሚይዘው እዚያ ነውና።

አንድ ተማሪ ልብ ላይ አንበሳ ሆኖ ጉበት ላይ ሊንተባተብ ይችላል። የሕክምና ችሎታ ከኬዝ ወደ ኬዝ እንደሚዋዥቅ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በአንድ ታማሚ፣ በአንድ ጥንድ ፈታኝ፣ በአንድ ጠዋት የሚወጣ ነጥብ ብቻውን ሰው ማሳለፍም መጣልም የለበትም። ይህ ማለት ሎንግ ኬዝ ይቅር ማለት አይደለም። ተማሪው አንድን ሰው ከራስ እስከ እግር፣ ከነኑሮው፣ ከነችግሩ ሲያይ የሚታይበት ፈተና እሱ ብቻ ነው። መጠገን ግን ይቻላል።

መጀመሪያ የኬዝ መረጣው። ታማሚዎቹ ከዋዜማው ከተመረጡ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ ነው። ዋርዱ ላይ ያለው ኢንተርን የአንዱ ተማሪ የዶርም ጓደኛ ነው፤ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ጓደኛ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መረጣው በፈተናው ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያ ዋርድ በማይሠራ መምህር ይሁን። ቻርቱ ከአልጋው ይነሳ፤ የራጅ ፊልሙም ከፍራሹ ሥር ይውጣ፣ እሱ ሁሌ ይረሳል።

ቀጥሎ ቋንቋው። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት በየታማሚው ስም አንጻር የሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከምዕራብ አርሲ የሚመጣው ታማሚ ጥቂት አይደለም። ተርጓሚ የሚያስፈልገው ተማሪ 15 ደቂቃ ይጨመርለት፤ መጨመሩም ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ ይመዝገብ። ተርጓሚው ዘመድ አይሁን። «የተባለውን ብቻ በል፣ አታሳጥር፣ አትጨምር፣ ያልገባህን ጠይቅ» ተብሎ አስቀድሞ የተነገረው ሠራተኛ ይሁን። ተማሪው ታማሚውን ይምረጥ የሚል ሐሳብም ይነሳል፤ እኔ አልስማማበትም። ምርጫ ባለበት ትውውቅ አለ። ከዚያ ይልቅ ተማሪዎቹን በሚችሉት ቋንቋ መድቦ በየምድቡ ውስጥ ዕጣ ማውጣት ይሻላል።

ሁለቱ ፈታኞች ሳይነጋገሩ ነጥባቸውን ይጻፉ። መጀመሪያ ከተነጋገሩ ሲኒየሩ የተናገረው ነጥብ ያሸንፋል፤ ሁለት ፈታኝ መመደቡም ትርጉም ያጣል። ልዩነታቸው ከመቶ 10 ካለፈ ተወያይተው ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ተማሪው ሲመረምር ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆሞ ይይ። ካልታየ፣ ጉበት ሳይነካ «ሦስት ጣት ወርዷል» ያለና በትክክል የነካ አይለዩም።

ታማሚውም ሰው ነው። ቁርሱን ይብላ፣ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ በአንድ ጠዋት ከሁለት ተማሪ በላይ አይየው። ሦስተኛው ተማሪ ሲመጣ የደከመ ሰው «ነገርኳቸው እኮ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የሚቀነሰው የተማሪው ነጥብ ነው። ምርመራውን የሚያውቅ ታማሚም ያጋጥማል፦ «የልብህ በር ጠቧል ብለውኛል» ይላል። ይህ ኩረጃ አይደለም። ፈታኙ ስሙን ትቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ ችግሩ ይፈታል፤ ምን ሰማህ፣ የት ሰማህ፣ ለምን ሌላ አይደለም።

የሕክምና ትምህርት ባለሙያው ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ኦስኪን (ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚፈተኑትን የተግባር ፈተና) እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ይህንኑ ዕድል ለመቀነስ ነው፤ ሁሉም በተመሳሳይ ጣቢያዎች እንዲያልፍ፣ አንድ ጨካኝ ፈታኝ በዘጠኝ ሌሎች እንዲካካስ። ሒሳቡ ቀላል ቢመስልም ዝግጅቱ ብዙዎችን ያሸንፋል። 100 ተማሪ፣ 10 ጣቢያ፣ በየጣቢያው 7 ደቂቃ፣ ለመዘዋወሪያ 1 ደቂቃ። አንድ ዙር 10 ሰው በ80 ደቂቃ ያስጨርሳል። ሁለት መስመር ጎን ለጎን ቢሠሩ 5 ዙር፣ 400 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ምሳና እረፍት ሲጨመር ጠዋት 2 ሰዓት የተጀመረው 10 ሰዓት ገደማ ያልቃል። 20 ፈታኝ ቀኑን ሙሉ ከሥራ ውጭ ነው፤ ለዚህ ነው ጣቢያው ወደ 5 የሚወርደው፣ ሲወርድ ደግሞ ጥቅሙም አብሮ ይወርዳል።

የሚበላሸው የት የት ነው? አንደኛ፣ የጨረሱና ያልጀመሩ ሲገናኙ። የከሰዓቱ ምድብ ስልኩን አስረክቦ የጠዋቱ ሳይወጣ መግባት አለበት። አንድ ሰው ሽንት ቤት በር ላይ «አራተኛው ጣቢያ አሳይተስ ነው» ካለ ሥራው ሁሉ ፈረሰ። ሁለተኛ፣ ያ አሳይተስ (ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ) ያለበት ታማሚ። 50 ሰው ሆዱን ሲመታው መዋል የለበትም፤ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሦስት ሰዎች እየተቀያየሩ ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ የሁለቱ መስመሮች ፈታኞች። ጠዋት 20 ደቂቃ ወስደው አንድ የሙከራ ተፈታኝ አብረው ያርሙና ለምን እንደተለያዩ ይነጋገሩ። ፈተናው ካለቀ በኋላ ደግሞ የየጣቢያው አማካይ ይታይ። ተማሪዎቹ በዕጣ ከተመደቡና አራተኛው ጣቢያ በአንዱ መስመር 7.8፣ በሌላው 5.9 ከሆነ፣ 50 ጎበዝ በአንድ በኩል 50 ደካማ በሌላ በኩል ተሰልፎ አይደለም። የፈታኙ እጅ ነው፤ ውጤት ከመለጠፉ በፊት ይስተካከል።

አራተኛው ቼክሊስቱ ራሱ ነው። «እጄን ታጥቤያለሁ፣ ራሴን አስተዋውቄያለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ» እያለ እንደ ውዳሴ የሚያነበንብ ተማሪ ነጥቡን ይሰበስባል፤ ታማሚውን ግን አንዴም ቀና ብሎ አላየውም። ስለዚህ ፈታኙ ከቼክሊስቱ ጎን አጠቃላይ ፍርዱን ይስጥ፦ ወደቀ፣ ድንበር ላይ ነው፣ አለፈ። ድንበር ላይ የተባሉት ተማሪዎች የቼክሊስት አማካይ የዚያ ጣቢያ ማለፊያ ይሆናል። ማለፊያው ከጣቢያው ክብደት ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ይህ ሁሉንም በ50 ከመቁረጥ የተሻለ ፍትሐዊ ነው።

የጽሑፍ ፈተናው ሌላ በሽታ አለው፤ የጥያቄ ባንኩ ትንሽ ነው። ከ100 ጥያቄ 40ው ካለፉት ዓመታት የተደገመ ነው እንበል። ኦልድ ኤግዛም የደረሰው ተማሪ 40ውን ያገኛል፤ ከቀሪው 60 ግማሹን ቢያውቅ በጠቅላላው 70። እኩል የሚያውቅ ግን ወረቀቱ ያልደረሰው፣ ከሁሉም ግማሹን ያውቅና 50። የ20 ነጥብ ልዩነት ከእውቀት አልመጣም፤ ከየትኛው ሲኒየር ጋር እንደምታድር እንጂ። ማታ የወንዶች ዶርም ውስጥ የሚዞር ፎቶኮፒ ሴቶቹ ጋ አይደርስም፤ ዊዝድሮው ሞልቶ (ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጦ) የተመለሰ ተማሪም አዲሱ ባች ውስጥ ሰው የለውም። መደበቁ አላዋጣም። የሚሻለው የቆዩትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ላይብረሪ ውስጥ በይፋ ማስቀመጥ ነው። ያኔ አዲስ ጥያቄ መጻፍ ግዴታ ይሆናል፤ ተማሪውም ስንት ዓመት ሲዞር የነበረውን የተሳሳተ መልስ ከመሸምደድ ይድናል።

አዲስ ጥያቄ ሲጻፍ መለኪያው ቀላል ነው፤ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ ጥያቄውን ብቻ አንብቦ መመለስ መቻል አለበት። «ስለ ኒሞኒያ ትክክል የሆነው የትኛው ነው?» የሚለው አይመለስም። «የ9 ወር ሕፃን፣ ለ3 ቀን ያሳለ፣ በደቂቃ 58 ጊዜ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የማይሰረጉድ፣ ጡት የሚጠባ፤ ቀጣዩ እርምጃህ ምንድን ነው?» ይመለሳል። ረጅሙ ምርጫ ሁሌ መልሱ ከሆነ፣ «ሁሉም መልስ ነው» ከበዛ፣ ያላነበበውም ይገምታል። ጥያቄዎቹ ለየርዕሱ የሚደለደሉበትም አስቀድሞ በሠንጠረዥ ይሠራ። እያንዳንዱ መምህር 10 ጥያቄ ያምጣ ከተባለ፣ ዋርዱን ግማሽ የሚሞሉት ጨቅላ ሕፃናት 10 ጥያቄ ያገኛሉ፤ ማንም ያላየው ብርቅ ሲንድሮምም 10። ተማሪው ዋርድ ያየውና ፈተናው የጠየቀው ካልተገናኙ ዋርድ መግባት የሚያስቆጭ ይሆናል።

ፈተናው ከታረመ በኋላ ኤክሴል ላይ የግማሽ ቀን ሥራ ይቀራል፤ ይህን ሥራ የሚዘል ዲፓርትመንት የስህተት መልሱን ሳያውቅ ይኖራል። 100 ተማሪ ካለ በውጤት ከላይ 27 እና ከታች 27 ይወሰድ። 34ኛውን ጥያቄ ከላይኞቹ 22፣ ከታችኞቹ 9 መልሰውት ከሆነ ልዩነቱ 13፣ ለ27 ሲካፈል 0.48፤ ግሩም ጥያቄ ነው፣ ባንክ ይግባ። ከ0.2 በታች የወረደ ይጠርጠር። 51ኛውን ከላይኞቹ 8፣ ከታችኞቹ 14 መልሰውት ከሆነ ግን ጎበዞቹ በብዛት የሳቱት ጥያቄ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል።

ስህተት ሲገኝ እንዴት እንደሚታረምም ራሱ የፍትሕ ጉዳይ ነው። የተለመደው «ይሰረዝ» ነው። ጥያቄው ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ነው እንበል፤ 50 ያገኘና ያንን ጥያቄ ቁልፉ እንደሚለው የመለሰ ተማሪን እንይ፤ ሲሰረዝ ከ99 ላይ 49 ይሆናል፣ 49.5 ገደማ፣ ወደቀ። መልሶ የወደቀ ሰው! ስለዚህ ቁልፉ ብቻ ከተሳሳተ ቁልፉ ተስተካክሎ እንደገና ይታረም፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ካለው ሁለቱም ይያዙ፤ መሰረዝ ምንም መልስ ለሌለው ጥያቄ ብቻ ይቅር።

49 እና 51ም ሩቅ አይደሉም። የነጥቦቹ ስርጭት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 8፣ የፈተናው አስተማማኝነት 0.80 ከሆነ የልኬቱ ስህተት 3.6 ያህል ነው። 49 ያገኘው በሌላ ተመሳሳይ ፈተና 52 ሊያገኝ ይችል ነበር። ከመስመሩ በታች በዚህ ርቀት ላሉት ጥቂት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ደግሞ ማየት፣ ከተቻለም ተጨማሪ ኦራል መስጠት፣ ለአንድ ዲፓርትመንት ብዙ ሥራ አይደለም፤ ለእነሱ ግን አንድ ዓመት ነው።

የዱቲ ዝርዝርም ይታይ። ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ቆሞ ያደረ ተማሪ ጠዋት ፈተና መቀመጥ የለበትም፤ የባች ተወካዩ ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ቢያይ ይበቃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ተማሪው ምን ይዞ ይቆይ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ተነሳሽነትን በመጠን ሳይሆን በዓይነት ይከፋፍሉታል። ቅጣት ፈርቶ የሚያጠና አለ። «ቤተሰቤ ምን ይለኛል» እያለ በሀፍረት የሚያጠና አለ፤ እዚህ አገር ከሁለተኛው ብዙ አለን። ከፍሬሽማን ጀምሮ «ዶክተርዬ» የተባለ ልጅ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ሦስተኛው «ይህ ያስፈልገኛል፣ ነገ ሰው ፊት የምቆመው በዚህ ነው» ብሎ የሚያጠና ነው። ይኸኛው ፍትሐዊ ባልሆነ ፈተና ይቆስላል እንጂ ቶሎ አይሞትም። የሚመገበውም በሦስት ነገር ነው፦ በራስ ምርጫ፣ «እየቻልኩ ነው» በሚል ስሜትና በሰው አለኝታነት።

የመቻል ስሜት ከግሬድ ብቻ እንዳይጠበቅ ሌላ መለኪያ ይኑር። በቀን አንድ ታማሚ በደንብ ይታይ፤ ከእሱ ሦስት ጥያቄ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ መልሱ በሌላ ገጽ። ማታውኑ ሳያዩ መመለስ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ አታችመንቱ ሊያልቅ ሲል። በ8 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 120 የራስ ጥያቄ ይሆናል። እያስታወሱ መመለስ ደጋግሞ ከማንበብ እንደሚበልጥ የማስታወስ ችሎታ ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ ያሳያል፤ አራቴ ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ 83 ከመቶ፣ አንዴ አንብበው ሦስቴ ለማስታወስ የሞከሩት 71 ከመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ተገለበጠ፤ 40 እና 61። ችከላ አታላይ የሆነው ለዚህ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት በእርግጥ የሠራ ይመስላል። ደብተሩ ወረቀት መሆኑም ይጠቅማል፤ መብራት ሲሄድ የእጅ ባትሪ ይበቃዋል።

ለኦስኪ ደግሞ አራት ሰው። አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ተፈታኝ፣ አንዱ ቼክሊስት የያዘ ፈታኝ፣ አንዱ ሰዓት ያዥ። ሰባት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ አስተያየት፤ መጀመሪያ ተፈታኙ ራሱ፣ ቀጥሎ ታማሚ ሆኖ የተኛው። የተኛው የሚናገረው ብዙ ነው፤ «እጅህ ቀዝቃዛ ነበር»፣ «ሳትነግረኝ ልብሴን ገለጥክ»። የሀዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳር ሆኖ መለማመድ ያምራል፤ አልጋ ላይ ሰው አስተኝቶ ካልተለማመዱ ግን በየትኛው በኩል መቆም እንዳለብህ በፈተናው ቀን ይጠፋሃል።

ቅሬታ ሲቀርብም «ከብዶ ነበር» አይጻፍ። የጥያቄው ቁጥር፣ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ (ቁልፍ ተሳስቷል፣ ሁለት መልስ አለው፣ ከተሰጠው ዓላማ ውጭ ነው)፣ የመጽሐፉ እትምና ገጽ። በአንድ ገጽ፣ በተወካይ በኩል፣ በሕጉ ቀን ውስጥ፤ ቀኑ በየግቢው ስለሚለያይ ውጤት ሳይለጠፍ ይታወቅ።

ወደ ቋንቋው ልመለስና፣ ኮሌጁ ተርጓሚ እስኪመድብ መጠበቅ አያስፈልግም። ለሂስትሪ የሚበቃው ከ60 እስከ 80 ቃልና አጫጭር ጥያቄ ነው፦ ሕመም፣ ሳል፣ ትውከት፣ ደም፣ እብጠት፣ ሽንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የት ጋ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር፣ «ይተንፍሱ»፣ «ይዙሩ»፣ «ልንካዎት?»። ሲ ዋን (የመጀመሪያው የዋርድ ትምህርት ዓመት) በተጀመረ ሳምንት በቀን ሦስት ቃል ከተያዘ ወር አይሞላም። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የተናባቢው መጥበቅና መላላት ስለማይታይ ከጽሑፍ ብቻ አይሆንም፤ በጆሮ ነው። መምህራኑም ግቢው ውስጥ ሞልተዋል፤ የመጠየቂያ ሰዓት እስኪደርስ ሳሩ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ አስታማሚዎች። አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብለህ ቃሉን ስትሞክር መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ አፍህን እያየች ደግመህ እንድትለው ታደርግሃለች።